የ2ኛ ክፍል የፊደል ጨዋታ፦ በታብሌት ወይስ በካርቶን? የሞከራችሁ ንገሩኝ

መምህርት_ደሴ_ዙሪያ

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ደሴ ዙሪያ 2ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ክፍሌ ከስልሳ በላይ ልጅ አለው። ዘንድሮ አንድ ድርጅት ጥቂት ታብሌት ሰጠን፣ ውስጡ የቃል አጻጻፍ ጨዋታ ተጭኗል። ልጁ ሥዕል ያያል፣ ከሥር የተበታተኑ ፊደላት አሉ፣ በጣቱ እየጎተተ ቃሉን ይገጣጥማል፣ ከገጠመለት ይጨበጨብለታል። ልጆቹ በደስታ አብደዋል። ርዕሰ መምህሩም ወዶታል፣ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስጎበኘው እሱን ነው።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ታብሌቱ ላይ "በሬ"ን ሳይሳሳት የሚገጣጥም ልጅ፣ ቃለ ጽሕፈት ስሰጠው "በሪ" ብሎ ይጽፋል። ጨዋታውን ቁጭ ብዬ አየሁት። ለ"በሬ" የሚቀርቡለት ሁለት ፊደላት ብቻ ናቸው፣ "በ" እና "ሬ"። አንዷን ካስቀደመ አለቀ። ታዲያ ምን ተማረ?

ጨዋታውን መተው አልፈልግም፣ ምክንያቱም ከኋላ ወንበር ተደብቀው የሚውሉት ልጆች ሳይቀሩ እጃቸውን እያወጡ ነው። ግን ጨዋታው መጻፍ እንዲያስተምር እንዴት ላድርገው? በአማርኛ የሞከራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። የእንግሊዝኛ ምክር ጠግቤያለሁ።

ጦሳ_ስር

ሸጋ ጥያቄ ነው እህቴ። የከነከነሽም በደንብ ነው የከነከነሽ። ያ ጨዋታ ለእንግሊዝኛ ተሠርቶ ፊደሉ ብቻ የተቀየረበት ይመስለኛል። እንግሊዞቹ ዝሆንን ለመጻፍ ስምንት ፊደል ይደረድራሉ፣ ቢበታተን መልሶ መገጣጠሙ ሥራ አለው። የኛ ዝሆን ሦስት ናት። ላም ሁለት፣ ቤት ሁለት፣ ድመት ሦስት። ምኑ ይበታተናል?

የኛ ልጅ የሚሳሳተው ቅደም ተከተል ላይ አይደለም። የሚሳሳተው እግሯና ቀለበቷ ላይ ነው። "ሬ" ነች "ሪ"? "ሉ" ነች "ሎ"? ሳድስ ላይማ አትጠይቂኝ፣ ሳድስ ወጥ መልክ የላትም፣ "ል" ሌላ "ር" ሌላ "ን" ሌላ፣ እያንዳንዷን ለብቻ መያዝ ነው። ስለዚህ ጨዋታው እዚያ ላይ መሄድ አለበት። "በ" ትሰጪዋለሽ፣ ከዚያ ረ ሩ ሪ ራ ሬ ር ሮ ሰባቱንም ትዘረጊለታለሽ፣ ከሰባቱ አንዷን ይምረጥ። ያኔ ነው ጭንቅላቱ የሚሠራው። ታብሌቱ ይህን ካልፈቀደ የካርቶን ቁራጭ ይፈቅዳል። የብስኩት ካርቶን ከሱቅ በነጻ ይሰጡሻል፣ ማርከር ካለሽ ሌላ ምንም አያስፈልግሽም። ትምህርት ቤታችሁ ማበልጸጊያ ማዕከል ካለው እዚያም ተጥሎ የሚገኝ አይጠፋም።

ሌላው፣ ያ በመስመር የተሰወረ ቃል በፊደል በፊደል የሚገመትበት፣ ስህተት በተሠራ ቁጥር የተሰቀለ ሰው የሚሳልበት ጨዋታ አለ አይደል? በአማርኛ እንዳለ ከወሰድሽው አይሠራም። እንግሊዝኛው ከ26 ነው የሚገምተው፣ የኛ ልጅ ከ231 ሊገምት ነው፣ እስኪያገኘው ደወሉ ይደወላል። እኔ በሁለት ደረጃ ነው የማስኬደው። መጀመሪያ ዘሯን ይገምታሉ፣ "የመ ዘር አለች?" ካለች ቦታዋን አሳያለሁ። ቀጥሎ "ስንተኛዋ ናት?" እላለሁ። እሷ ላይ ነው ጦርነቱ። የተሰቀለ ሰውም አልስልም፣ ለሕፃን ምኑ ደስ ይላል፣ ጎጆ ነው የምስለው፣ ምሰሶ፣ ግድግዳ፣ ክዳን እያልኩ። ጎጆው ካለቀ እኔ አሸነፍኩ።

ቀጥ_በል

እኔ ደግሞ አልስማማም። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ታብሌት ማውጣት፣ ማደል፣ "የኔ አልከፍት አለ" ማለት፣ መሰብሰብ፣ መቁጠር፣ ሃያ ደቂቃው ሄደ። ካርቶኑም ያው ነው፣ አንዱ ይጥላል፣ አንዱ ይበላዋል። በዚያ ሰዓት ስንት ቃል ቃለ ጽሕፈት ይጻፍ ነበር። እኛ በቃለ ጽሕፈትና በቁንጥጫ ነው የተማርነው፣ ይኸው እንጽፋለን።

ወልድያ_3ለ

@ቀጥ_በል ስለ ሰዓቱ ልክ ነህ። ስለ ቁንጥጫው ግን፣ በቁንጥጫ ትምህርት የጠሉት እዚህ ገብተው መልስ አይጽፉልህማ ወንድሜ። የጻፍነውን ብቻ ቆጥረህ ነው የምትፈርደው።

ለመምህርቷ፦ እኔ ጨዋታው ላይ ከሁሉ በላይ የምፈራው "የተሳሳተ ይቀመጥ" የሚባለውን ነው። ልጆቹን አስቁመሽ ቃል ትጠይቂያለሽ፣ የሳተ ይቀመጣል፣ መጨረሻ አንድ ልጅ ብቻ ይቀራል፣ ጭብጨባ። ሲታይ ያምራል። ግን መጀመሪያ የተቀመጠው ማነው? ልምምድ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ልጅ። እሱ የቀረውን ሰዓት ጣራ እያየ ያሳልፋል። ጎበዟ ደግሞ የምታውቀውን ደጋግማ ትጻፍ። አሜሪካኖቹ ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ መልክ ብሔራዊ ውድድር ያካሂዳሉ፣ ለውድድር ይሁን። ለ2ኛ ክፍል ግን ማንንም የማያስወጣ ጨዋታ ነው የሚያስፈልገው።

እኔ ጋ ሁሉም ይጽፋል። ወረቀት የሚከተትበት ፕላስቲክ አለ አይደል፣ ውስጡ ነጭ ወረቀት ከትቼ በሁለት በሁለት አድላለሁ። በሰሌዳ ማርከር ይጽፋሉ፣ በጨርቅ ይጠፋል። ቃሉን እላለሁ፣ ይመካከራሉ፣ ይጽፋሉ፣ "አንሱ!" ስል ሁሉም ባንዴ ከፍ ያደርጋል። በአንድ ዕይታ ማን "በሪ" እንዳለ ታያለሽ። ማንም ለብቻው አያፍርም። ማርከር ውድ ነው ካልሽ ግቢ ውጪ፣ አፈሩ ላይ በእንጨት ይጻፉ።

ግቢ ከወጣሽ አይቀር ሰኞ ማክሰኞ አለልሽ። መስመሩን ሰባት ቤት አድርጊና ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የአንድ ፊደል ዘር ጻፊበት። አንቺ "ቁ" ስትዪ ልጁ ሄዶ እሷ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ወርዶ በ"ቁ" የሚጀምር ቃል አፈሩ ላይ ይጽፋል። መዝለሉ ብቻውን ዋጋ የለውም፣ መጻፉ ነው ዋናው። ስልሳውን በአንድ መስመር እንዳታሰልፊ ብቻ፣ በቡድን ከፋፍለሽ ብዙ መስመር አሠምሪ፣ አለበለዚያ ወረፋው ጠብ ይሆናል።

የሐይቅ_ጡረተኛ

እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የምላችሁ አጭር ነው፣ ባይሆንም ታገሱኝ።

ፊደል በጨዋታ መማር ከውጭ የመጣ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። የቆሎ ትምህርት ቤት ልጅ ሀሁን በዜማ ይቆጥራል። ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ እያለ። ግን የኔታ ሞኝ አይደሉም። ልጁ ዜማውን ይዞ ፊደሉን ሳያይ እንደሚያመልጥ ያውቃሉ። ጣቱ "ሌ" ላይ ሆኖ አፉ "ሎ" ይደርሳል። ለዚህ መድኃኒቱ አቡጊዳ ነው። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። አያችሁት? በእያንዳንዱ እርምጃ ፊደሉም ይቀየራል፣ ድምፁም ይቀየራል፣ ግዕዝ ካዕብ ሣልስ ራብዕ እያለ በሰያፍ ይወርዳል። በዜማ ያጠናው ልጅ እዚህ ጋ ይያዛል። የአሁኑ 2ኛ ክፍል ላይም ብዙው ችግር ይኸው ነው። ገበታውን ከላይ እስከ ታች የሚያነበንብ ልጅ፣ አንዷን ፊደል ለይታችሁ ብታሳዩት ከ"ሀ" ጀምሮ ካልቆጠረ አያውቃትም።

ስለዚህ እቴ፣ ካርዶችሽን በተርታ አትዘርጊ። በውዥው። ታብሌቱም ሰባቱን በተርታ ከደረደረ ልጁ "አምስተኛዋ" ብሎ ቆጥሮ ነው የሚነካት።

ጦሳ_ስር

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ይህቺ በተርታ የመደርደር ነገር እኔም ክፍል አለች፣ ነገ በውዣለሁ።

ኮደር_ከኮምቦልቻ

ክሩን ከሥር ሆኜ እያነበብኩ ነው። አፕ እሠራለሁ፣ የፊደል ጨዋታ ጀምሬ ግማሽ ላይ ያለ ነገር አለኝ። ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ሰባቱን አማራጭ ማቅረብ ለፕሮግራመር ቀላል ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተር ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጥበት ሥርዓት ነው) በ1999 እ.ኤ.አ. ሲገባ በስምንት በስምንት ቁጥር ነው የተደረደረው፣ እያንዳንዱ ዘር የራሱ ተርታ አለው። ስለዚህ "ሬ"ን ከሰጠኸው ፕሮግራሙ ወንድሞቿን ራሱ ቆጥሮ ያመጣል፣ ይበውዛል፣ ለየቃሉ በእጅ መጻፍ የለም። ይህ የሌለበት ጨዋታ የሠሪው ስንፍና ነው እንጂ ሥራው ከብዶ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሥዕል ብቻውን አይበቃም። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጣው የልጆች መጫወቻ ነበር። ማሽኑ ቃሉን በድምፅ ይናገራል፣ ልጁ ፊደሉን እየነካ ይጽፋል። አስቡት፣ ቃለ ጽሕፈት ነው ያ! በማሽን የሚሰጥ ቃለ ጽሕፈት። @ቀጥ_በል አንተ የምትወደው ነገር ጨዋታ ሆኖ ተሽጧል። በአማርኛ ድምፁ ይበልጥ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም መጥበቅና መላላት አንጽፍም። "ገና" በዓሉና "ገና" ያልደረሰው በጽሑፍ አንድ ናቸው፣ "ዋና"ም እንዲሁ። ልጁ ካልሰማ የትኛውን እንደጻፈ አያውቅም።

ሦስተኛ ኪቦርድ። ልጆቹ በስልክ ሲጽፉ ብዙው ኪቦርድ በላቲን ፊደል ነው የሚያስጽፈው። "ሬ"ን ለማምጣት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል ይነካል፣ ፊደሉን የሚመርጥለት ስልኩ ነው። ይህ ለትልቅ ሰው ይመቻል፣ ፊደል ገና ለሚለይ ልጅ ግን ሥራውን ይነጥቀዋል። የምሠራው ላይ ሙሉ የፊደል ገበታ ነው ያደረግኩት።

ልጆች መሣሪያውን አይችሉትም የሚል ካለ ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የሚባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ታብሌት ያለ መምህር ሰጥቶ ነበር። ልጆቹ ራሳቸው ከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደል መዘመር ጀመሩ።

ጦሳ_ስር

@ኮደር መክፈትና መዘመር ሌላ፣ መጻፍ ሌላ። ጋሼ አሁን የነገሩን እኮ ይሄንኑ ነው፣ ዜማ ይዞ ፊደል መሳት። ሌላው ሐሳብህ ግን ተመችቶኛል።

የከሚሴ_አባት

አሰላሙ አለይኩም። መምህር አይደለሁም፣ አባት ነኝ። የእኛ ልጆች ጉዳይ ትንሽ ይለያል፣ አስቡበት ብዬ ነው።

ልጄ ትምህርት ቤት በአፋን ኦሮሞ ነው የሚማረው፣ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ማለቴ ነው። አማርኛ እንደ አንድ ትምህርት ተጨመረበት። ከሰዓት ደግሞ ቁርአን ይቀራል፣ ሉህ (የእንጨት ሰሌዳ) ላይ ይጽፋል፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ሦስት ዓይነት ጽሕፈት በአንድ ትንሽ ራስ ማለት ነው። አማርኛ ሲጀምር "ላም"ን "ልአም" ብሎ ጻፈ። መምህሩ ተቆጣው። እኔ ሳየው ግን ልጁ ጤነኛ ነው፣ በቁቤ "ል" ለብቻ "አ" ለብቻ ነው የሚጻፈው፣ እሱን ነው ያመጣው። የኛ ፊደል ሁለቱን በአንድ አካል እንደሚሸከም ማንም አልነገረውም።

ቤት ውስጥ እኔው ጨዋታ ፈጠርኩለት። በቁቤ ሁለት ፊደል እጽፋለሁ፣ እሱ በአማርኛ አንድ አድርጎ ይመልስልኛል። ከዚያ እኔ በአማርኛ፣ እሱ በቁቤ። ማሻአላህ፣ አሁን እሱ ነው እኔን የሚያርመኝ። ጨዋታ የምትሠሩ ሰዎች ሁሉም ልጅ ከባዶ የሚጀምር አይምሰላችሁ።

ወልድያ_3ለ

የከሚሴ አባት፣ ይህን መምህር ባልሆን ኖሮም ደብተር ላይ እጽፈው ነበር። ከቀኝ የሚጀምር ልጅ እኔም ክፍል አለ። ካርዱ ጥግ ላይ መነሻውን የምታሳይ ትንሽ ቀስት ማድረግ ይበቃል፣ ቁጣ አያስፈልግም።

ኮደር_ከኮምቦልቻ

ጥያቄ አለኝ፣ እንቅልፍ የነሳኝ። ልጁ "ሰላም"ን በ"ሠ" ቢጽፍ ጨዋታው ምን ይበል? ስህተት ነው? "ዓለም"ን በ"አ" ቢጽፍስ? ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ። ኮዱ አዎ ወይም አይ ይፈልጋል።

የሐይቅ_ጡረተኛ

ስህተት ነው በል። ፊደሎቹ ስም አላቸው፣ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፣ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ስማቸውን ያወቀ ልጅ አይምታታም። "ሰረቀ" ሌባው ነው፣ "ሠረቀ" ፀሐይዋ ናት። ይህን ካጠፋን ምኑን አስተማርነው።

ጦሳ_ስር

ጋሼ በአክብሮት፣ 2ኛ ክፍል ላይ እርስዎን አልከተልም። ልጁ በጆሮው አይለያቸውም፣ እኛም በአፋችን አንለያቸውም። በሚታተመው ጽሑፍ እንኳ "ዓለም" በሁለት መንገድ ተጽፎ ይገኛል። "ሬ"ና "ሪ"ን ገና ላልለየ ልጅ በ"ሠ" ምክንያት ቀይ ኤክስ ካሳየነው፣ የትኛው ስህተት ትልቅ እንደሆነ አይገባውም። ሁለቱም ያው ቀይ ናቸው።

ኮደር፣ እኔ ብሆን ሦስተኛ መልስ እጨምርበታለሁ። ድምፁ ልክ ከሆነ ነጥቡን ስጠው፣ ከዚያ "በመጽሐፉ እንዲህ ነው የሚጻፈው" ብለህ የመማሪያ መጽሐፉን አጻጻፍ አሳየው። ከፍ ሲል፣ 5ኛ 6ኛ ላይ፣ የጋሼን እሳቱ ሰ ንጉሡ ሠ ለብቻ ጨዋታ አድርገው። ያኔ ትርጉሙን ይዞ ይወደዋል።

የሐይቅ_ጡረተኛ

5ኛ ዘገየ። 4ኛ ላይ አድርጉትና እንታረቅ።

ቀጥ_በል

እሺ፣ ማሽን የሚሰጠው ቃለ ጽሕፈት የሚለው ገብቶኛል። ግን ስልሳ ልጅ በጥቂት ታብሌት እንዴት? የሚጫወተው ጥቂቱ፣ የሚያየው ብዙው ነው።

መምህርት_ደሴ_ዙሪያ

ኧረ ተባረኩ! እንዲህ ትጽፋላችሁ ብዬ አልጠበቅኩም።

@ቀጥ_በል እኔ የማስበው ታብሌቱን በፈረቃ ለአንድ ቡድን መስጠት ነው፣ ሌላው በፕላስቲኩ ይጻፍ፣ ሌላው በካርቶን ሰባቱን ይበውዝ፣ አንዱ ቡድን ግቢ ሰኞ ማክሰኞ። ታብሌቱ ላይ ያለው ቡድንም ጨዋታው የሰጠውን ቃል ደብተሩ ላይ ሳያይ ካልጻፈ ወደሚቀጥለው አይለፍ። እሱን የቡድን መሪዋ ትቆጣጠራለች፣ የኔ ክፍል አለቆች ከኔ በላይ ጥብቅ ናቸው።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ጎበዞቹ ቶሎ ይጨርሱና ክፍሉን ያምሱታል። ለነሱስ?

ወልድያ_3ለ

ለነሱ ሥርወ ቃል ስጫቸው። እኔ ይህን ነው ከሁሉ የምወደው፣ በዓለም ላይ ያለ የእንግሊዝኛ ጨዋታ አይተካውም። ሰሌዳው ላይ ስ፣ ብ፣ ር ብቻ ጻፊ። እነዚህን ሦስቱን ይዛችሁ፣ ቅርጻቸውን እየቀያየራችሁ የምታገኙትን ቃል ጻፉ በያቸው። ሰበረ ይላሉ። ሰባሪ። ሰባራ። ስብራት። ስባሪ። አንዷ ተሰበረ ብላ ስትጨምር ክፍሉ ይናወጣል፣ "ተ ከየት መጣ!" ብለው ይከራከራሉ። ሳያውቁት ሰዋስው እየሠሩ ነው። የአማርኛ አጻጻፍ ምስጢሩም እዚያ ነው፣ አንዷን ፊደል ከግዕዝ ወደ ራብዕ ስታሻግሪ ትርጉሙ ይቀየራል፣ ስለዚህ እግሯ ለጌጥ እንዳልሆነች ራሳቸው ያዩታል።

ከለመዱት በኋላ የሚከብደውን አምጪ። ከፈተ፣ የሚከፍተው ሰው ማነው? ከፋች። ወሰደ፣ ወሳጅ። ለበሰ፣ ለባሽ። ዘፈነ፣ ዘፋኝ። መረጠ፣ መራጭ። ተ ወደ ቸ፣ ደ ወደ ጀ፣ ሰ ወደ ሸ፣ ነ ወደ ኘ። ብዙዎቹ አናታቸው ላይ ሰረዝ ብቻ ነው የጨመሩት። "ነ"ና "ኘ"ን ሲያምታታ የከረመ ልጅ ዘፈነና ዘፋኝን አጠገብ ላጠገብ ሲያይ ምክንያቱ ይገባዋል።

የከሚሴ_አባት

አብሽሪ መምህርት፣ ይህን ለልጄም ዛሬ ማታ አደርገዋለሁ።

ኮደር_ከኮምቦልቻ

የሥርወ ቃሉን ጨዋታ ልሠራው ነው፣ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ሥራው ያለቀለት ፋይል ሲኖረኝ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጌ እዚሁ እለቅላችኋለሁ፣ በሚሞሪ ካርድ መቀባበል ትችላላችሁ። አንድ የቀረኝ ድምፅ ነው። የስልኬ የኮምፒውተር ድምፅ መጥበቅና መላላቱን አይለይም፣ የሰው ድምፅ እፈልጋለሁ። ጋሼ፣ ከሐይቅ ደሴ ሲመጡ ድምፅዎን ልቅዳ?

የሐይቅ_ጡረተኛ

ቅዳሜ ፒያሳ እመጣለሁ፣ ከሰዓት ይሻላል። ግን ሸ እና ቸ ያለባቸውን ቃላት ሌላ ሰው ይቅዳልህ። የፊት ጥርሴ ወልቆ ያፏጫል፣ ልጆቹ ቃሉን ትተው እኔን ነው የሚስቁብኝ።

ወልድያ_3ለ

ሸ እና ቸን እኔ እቀዳለሁ። በቴሌግራም ልላክልህ፣ ቃላቱን ብቻ ጽፈህ ላክ።